የሸህ ይመር ሠላሳ ሦስት

ባለፈው ሰኔ የቤቴን አራት ደረጃ ወጥቼ ትንፋሼ ሲቆራረጥ ያየችኝ ልጄ፣ እየጎተተች እዚሁ ወልድያ አንድ ወጣት ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። እየጎተተች ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳክም ኖሬ፣ እኔ ልታከም ስባል እግሬ አልሄድ የሚል ሰው ነኝ። ሐኪሙ ከልጄም ያንሳል። ጣቴን እንደ ልብስ መቆንጠጫ ባለች ነገር ያዝ ሲያደርገው ቁጥሩ በቀይ ብልጭ አለ። መቶ አሥራ ስምንት።

“ይኼን የቆጠረው በስንት ሰከንድ ነው?” አልኩት።

“ወዲያው ነው እማማ። ራሱ ነው የሚያሰላው።”

ከዚያ ሽቦውን ደረቴ ላይ ለጣጥፎ የልቤን አመታት በወረቀት አወጣና፣ ልቤ ሥርዓቷን እንደ ለቀቀች ነገረኝ። ትሮጣለች፣ ትስታለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። የሚቀጥለውን ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ። ያቺኑ ትንሽዬ ነጭ ክኒን አዘዘልኝ። “በየጠዋቱ ከመዋጥዎ በፊት ምትዎን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ይችላሉ?” ሲለኝ ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝና ልጄ መሐረብ አቀበለችኝ። ወጣቱ ሐኪም ደነገጠ። የድሮ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው ብዬ አለፍኩት። ማታ ለልጄ ልነግራት ጀምሬ ተውኩት። እዚህ ልጻፈው።

ያኔ፣ በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወልድያ ተወልጄ ያደግሁ፣ የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ገና የጨረስኩ፣ ነጭ ጋዋኔን ሳልተኩስ ከቤት የማልወጣ ልጅ ነበርኩ። የተመደብኩት መርሳ ነው። የመርሳ ሙቀት ለወልድያ ሰው ቶሎ አይለመድም። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ፓፓያና ብርቱካን የያዙ ሴቶች መስኮቱን ይወርሩታል፤ መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ አቧራ ይጠጣል። ያን ዓመት አቧራው ከወትሮው በዛ። ወደ ሰሜን የሚጫነው ወታደርም፣ ወደ ደቡብ የሚመለሰው ቁስለኛም በዚያው መንገድ ነበር የሚያልፈው። ስንቱ ሄዶ ስንቱ እንደ ተመለሰ የመንገዱ ዳር ሰው በዓይኑ ያየው ነበር፤ በአፉ ግን ማንም አይናገረውም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋሽ በላይ ይባላል። ቁስል ሲያሽግ ያረጀ ድሬሰር ነው። ብዙ አይናገርም፤ ሲናገርም እጁ ሥራውን አያቆምም። እኔ ደግሞ አፌ የማይዘጋ፣ በደብተሬ የጻፍኩትን ሁሉ በሰው ላይ ካልሞከርኩት እንቅልፍ የማይወስደኝ ነበርኩ። ጋሽ በላይ ሲበሳጭብኝ “ፕሮፌሰር” ይለኛል። ስድብ መሆኑ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

ሸህ ይመርን የቅሬያቸው ሰዎች ግራና ከሚባለው የገጠር ቀበሌ በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧቸው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ቅሬ እኛ ዘንድ እድር ነው። ሬሳ የሚያነሱት ሰዎች ናቸው በሽተኛም የሚሸከሙት፤ ሁለቱም ያው ትከሻ ይፈልጋል። ሸህ ይመር ስልሳ የሚጠጉ ገበሬ ነበሩ። በመስኖ ሽንኩርትና ብርቱካን ያለማሉ፣ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን እያስቀሩ ያስተምራሉ። መጋደም አይችሉም፤ ጋደም ካሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እግራቸውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጣቴ የገባበት ጉድጓድ ሳይሞላ ቆየ።

“ሐኪሟ” አሉኝ አየር እየለቃቀሙ፣ “ይቺ ልብ ከኔ ጋር አልስማማ ካለች ቆየች። እስቲ አስታርቂን።”

ከኋላቸው ልጃቸው ሀዋ ቆማ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ፣ ቁጥርም ለምዳ፣ ከጠየቅኋት በላይ የማትመልስ፣ ዓይኗ ግን እጄን የሚከተል ልጅ ነበረች። ማዳመጫውን የት እንዳስቀመጥኩ፣ መርፌውን ከየት እንዳነሳሁ ሁሉ ታያለች።

ሽንታቸውን ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር አፍልቼ አየሁት፤ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ፣ ስኳር የለባቸውም። ጋሽ በላይ ደረታቸውን ረጅም ጊዜ አዳመጠና “የልብ ድካም ነው። ልብ ፓምፕ መሆኗን ትታለች፣ ውኃው ሳንባ ላይ ተኝቷል። ወልድያ ይሂዱ” አለ። በማግስቱ እህል በጫነ መኪና ላይ አብሬያቸው ወጣሁ። ሲሪንቃ ላይ ስናልፍ በምርምሩ እርሻ ማሽላው በየመደቡ ቁጥር ተንጠልጥሎለት ቆሞ ነበር። ሸህ በዚያ ትንፋሻቸው እንኳ አንገታቸውን ቀና አድርገው “ወላሂ፣ ይኼስ ማሽላ ከኔ የተሻለ ሐኪም አለው” አሉ። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ሆስፒታል አሥር ቀን ቆይተው ውኃው ወርዶላቸው፣ ሁለት ዓይነት ክኒንና አንድ ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። አንደኛው ክኒን ውኃውን በሽንት የሚያስወጣ ነው። ሁለተኛው ያቺ ትንሽዬ ነጭ ናት፤ የምትሮጠውን ልብ ታረጋጋለች፣ የደከመችውን ታበረታለች። ሐኪሙ ከደብዳቤው ግርጌ አስምሮበት የጻፈው ይኼን ነው፦ ክኒኑ ከመሰጠቱ በፊት የልብ ምት አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠር፤ ከስልሳ በታች ከሆነ የዚያን ቀን አይሰጥ። ይህ ክኒን የሚያድንበትና የሚመርዝበት መጠን በጣም ይቀራረባል።

እውነቱን ለማየት ብዙ አልቆየንም። መርሳ ዘመድ ቤት አርፈው በየጠዋቱ እኔ እየቆጠርኩላቸው ሳለ፣ በሦስተኛው ሳምንት ምግብ አስጠላቸው፤ ያስመልሳቸው ጀመር። “ልጄ፣ ነጠላሽን ምን ነካው? ቢጫ ሆነብኝ” አሉኝ አንድ ጠዋት። ነጠላዬ ነጭ ነበር፤ ያ ክኒን ሰውነት ውስጥ ሲበዛ ዓይን ሁሉን ነገር ቢጫ ያያል። ምታቸውን ስቆጥረው አርባ ስድስት። ጋሽ በላይ ለአራት ቀን አስቁሞ፣ ከዚያ ግማሽ ግማሽ ክኒን አስጀመራቸው። ሀዋ ያን ሁሉ ቆማ አየች። መድኃኒት አባቷን ሊገድልባት እንደሚችል የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

ጥቅምት ሲገባ ሸህ ካልሄድኩ አሉ። ማሽላው ደርሷል፣ ወፍ እየበላው ነው፣ ጦርነቱም እየቀረበ ነው፤ ሰው በጦርነት ጊዜ ከሰው ቤት አይገኝም አሉ። መብታቸው ነበር። ችግሩ የጠዋቱ ቆጠራ ነው። ሀዋ ምት መያዝ ተምራለች፤ ከኔ የለሰለሱ ጣቶች ነበሯት፣ የምትስታዋን ምት እንኳ አታልፍም። ግን ግራና እነሱ ሰፈር ሰዓት ያለው ሰው የለም። ደቂቃን በምን ትለካ?

ያኔ ነው ብልጠቴ የመጣው። ሸህ ሁልጊዜ ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ፣ ሙስበሃቸውን፣ ያቺን የዶቃ መቁጠሪያ፣ ይዘው ዚክር ያደርጋሉ፤ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ሱብሐነላህ ይላሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ንግግራቸው ዝግ ያለ ነው፣ ዚክራቸውም እንደዚያው። ሰዓቴን ከክንዴ ፈታሁና “ሸህ፣ ሠላሳ ሦስቱን እንደ ወትሮዎ ይበሉልኝ” አልኳቸው። ስልሳ አንድ ሰከንድ። በማግስቱ ደገምኩት፤ ሃምሳ ዘጠኝ። በሦስተኛው ቀን ስልሳ፣ ልክ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሰውዬው ራሳቸው ሰዓት ናቸው። ሀዋ ግራ እጃቸውን ይዛ ከመጀመሪያው ሱብሐነላህ እስከ ሠላሳ ሦስተኛው ትቁጠር፤ ስልሳ ከሞላ ክኒኑን ትስጥ፣ ካልሞላ አትስጥ።

ሸህን ቅር ይላቸው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን “ዚክሩ የአላህ ነው። ቆጠራውን እናንተ ተካፈሉት” አሉ።

ጋሽ በላይ ጥግ ላይ ሆኖ ፋሻ እየጠቀለለ ይሰማ ነበር። “ሰዓትሽን ስጫቸው” አለኝ ቀና ሳይል።

“እኔስ በምን ልሥራ?”

“የኔ ይበቃናል።”

ሰዓቴን መልሼ ክንዴ ላይ አሰርኳት። ሰዓቷን ወንድሜ ነበር የገዛልኝ፤ ያኔ የነበረችኝ ጌጥም እሷው ብቻ ናት። ግን ለሰዓቷ ሳስቼ ብቻ አይደለም። የኔ ዘዴ እንዲሠራ ፈልጌ ነበር። ወልድያ ያለው ሐኪም ሲሰማ ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ በልቤ አዘጋጅቼው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሠላሳ ቀን የሚበቃ ግማሽ ግማሽ ክኒን ቆርጬ በቆርቆሮ ሰጠኋት። ውኃ የሚያስወጣውንም ለብቻው ጠቀለልኩላት።

“ስልሳ ካልሞላ ምን ታደርጊያለሽ?” አልኳት ሲወጡ።

“አልሰጣቸውም።”

“ቢቆጡስ?”

“ቢቆጡም።”

“የከለከልናቸው ጨውስ?”

ሸህ ጣልቃ ገቡ። “ጨውን ተይው፤ እሱን ከነጣዕሙ ረስቼዋለሁ” አሉ፤ ሰዎቹም በቅሎ ላይ አወጧቸው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ መርሳ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ገባች። የነበረው የመንግሥት ጦር አንድ ቀን ሙሉ ወደ ደቡብ ሲጎርፍ ዋለና በማግስቱ ታጋዮች ገቡ። ጦርነት ምን እንደሚመስል እዚህ አገር ለሚኖር ሰው መንገር ድካም ነው፤ ሰሞኑንም እንደገና አይተነዋል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ጥቂት መድኃኒት ብቻ ቀረ። ወልድያ ሄዶ ማምጣት የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል። ከሁሉ የሚብሰው የደርግ አውሮፕላን ነበር። ጎህ ቀዶ ሰማዩ እንደ ጠራ ይመጣል። ገበያ የለም፣ የሚሰበሰብ ሰው የለም፤ ድምፁ ሲሰማ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ ሾላና ወደ ዋርካው ሥር ይሮጣል። ቦምቡ አብዛኛውን ጊዜ ተራራው ላይ ነበር የሚወድቀው። የሚወድቅበትን ግን ማንም ቀድሞ አያውቅም፤ ልብ የሚያቀልጠው እሱ ነው።

በየጠዋቱ ስለ ሸህ ይመር አስብ ነበር። ክኒናቸው እያለቀ ነው እል ነበር። ያሳሰበኝ ማለቁ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ወር ሲሞላ ጋሽ በላይ ደብቆ ካኖረው ላይ አንድ ብልቃጥ ክኒንና ውኃ የሚያስወጣ አንድ መርፌ ሰጠኝ። ከግራና ሰዎች ጋር በእግሬ ወጣሁ።

የዚያን ቀን መንገድ እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ። ግራና ቀኝ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቆሟል፣ የሚያጭደው ሰው ፈርቷል። ልጆች ማማው ላይ ሆነው ወንጭፍ ያስጮኻሉ፤ ጦርነት መጣም አልመጣም ወፍ ይራባል። አብራኝ የምትሄድ ሴት ጥንቅሽ ሰብራ ሰጠችኝ። እያላመጥኩ ስሄድ ጣፋጩ ውኃ በአገጬ ሲወርድ ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ። አውሮፕላን ሁለት ጊዜ መጣብን፤ ሁለቱንም ጊዜ ማሽላው ውስጥ ተኝተን አሳለፍነው። ያንን ደስታዬን ሳስበው እስከ አሁን ያሳፍረኛል።

ግቢያቸው ስደርስ ሸህ ይመር ብርቱካኑ ሥር በሁለት ጆንያ ጭድ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። የአንገታቸው ሥር እንደ ገመድ ቆሟል። እግራቸው የመጀመሪያ ቀን ከነበረው ብሷል። ሰላምታዬን በዓይናቸው ነበር የመለሱት።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ ቆይተው፣ “መጣሽ።”

ሀዋ ቆርቆሮዋን ይዛ ወጣች። ከፈትኩት። ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ግማሽ ክኒን እዚያው ተቀምጧል።

“ሀዋ፣ ይኼ ምንድን ነው?”

“ስልሳ አልሞላ አለ” አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ቢጤ ነበረበት። “አንዱን ቀን ሃምሳ ስምንት፣ አንዱን ቀን ሃምሳ አራት። አንድ ቀን አርባ ዘጠኝ ሆነ። ልብሴ ቢጫ ሆነብዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አልሆነም አሉኝ። እንደዚያም ሆኖ አልሰጠኋቸውም።”

እጃቸውን ያዝኩ። ጣቴ ሥር ያለው ነገር እንኳን ስልሳ ሊሆን፣ ለመቆጠርም ያስቸግር ነበር። ሰዓቴን ይዤ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። መቶ ሃያ አራት። ምንም አልገባኝም። ልጅቱ መቁጠር ረስታለች ብዬ አሰብኩ፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው።

“እስቲ እንዴት እንደምትቆጥሪ አሳዪኝ” አልኳት።

ሸህ ሙስበሃውን አነሱ። ሀዋ አጠገባቸው ተንበረከከችና የግራ እጃቸውን ያዘች። በዚያው ቅጽበት ከወልድያ በኩል ያ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ፤ ሩቅ ነው፣ ግን ሁላችንም ሰማነው። ሸህ ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ። ሱብሐነላህ ሱብሐነላህ ሱብሐነላህ። ያቺ መርሳ የሰማኋት ዝግታ የለችም። ቃሉ በቃሉ ላይ ይወድቃል፣ ዶቃው በጣታቸው ሥር ይሮጣል። እኔ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነበር። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሃያ ሰባት ሰከንድ።

“ሃምሳ ስድስት” አለች ሀዋ።

ልክ ነበረች። አንድ ምት አልሳተችም። የሳተው የኔ ደቂቃ ነው። ሰውዬው ሲፈሩ ዚክራቸው ይፈጥናል፣ ዚክራቸው ሲፈጥን ደቂቃዋ ታጥራለች፣ ደቂቃዋ ስታጥር ምቱ ይጎድላል። ልባቸው እየሮጠች በሄደች ቁጥር እኛ ዘገየች እያልን ክኒኑን ከለከልናቸው። አውሮፕላኑ የሚመጣው በሱብሂ ሰዓት፣ እሳቸው የሚቆጠሩትም በሱብሂ ሰዓት። መርሳ ላይ የለካኋቸው በሰላም ቀን ነው። ይህን ሁሉ ብርቱካኑ ሥር ቆሜ በአንድ ጊዜ አየሁት፤ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሀዋ “ምነው?” አለችኝ።

“ደከመኝ፣ መንገዱ ነው” አልኩ።

መርፌውን ወጋኋቸው። ክኒኑን ሰጠኋቸው። ከሰዓት በኋላ ሽንት ወጣላቸው፣ ትንፋሻቸው ትንሽ ቀለል አለ፤ እኔም እንደ እብድ ተስፋ አደረግሁ። ሌላ መርፌ ቢኖር፣ ኦክስጅን ቢኖር፣ መንገዱ ክፍት ቢሆን እያልኩ በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እል ነበር። ዘግይታ የመጣች ክኒን ያን ሁሉ የጎደለ ቀን ልትመልሰው አትችልም። በማግስቱ ጠዋት ውኃው ተመልሶ ደረታቸው ላይ ይንቦቀቦቅ ጀመር። ረፋድ ላይ ሀዋን ጠርተው እጇን ያዙ። ለኔም ሌላ እጃቸውን ሰጡኝ።

“አብሽሪ ሐኪሟ” አሉኝ። “ደክመሽልኛል።”

ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሶላት በፊት አረፉ። እነዚያው የቅሬ ሰዎች መጡ። ቀብሩ አውሮፕላን እንዳይመጣ በጥድፊያ ሆነ፤ ሰው በሩጫ ተቀበረ ማለት ይቻላል። የመስጊዱን መንገድ ስንመለስ ሀዋ ከሴቶቹ ተለይታ ወደኔ ጠጋ አለች። አላለቀሰችም ነበር።

“ፋንታዬ፣ እንዳልሽኝ ነው ያደረግሁት፤ አይደል?”

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ሰዓቴ ክንዴ ላይ ናት፣ እጅጌዬን ጎትቼ ሸፈንኳት።

“አዎ” አልኳት። “እንዳልኩሽ ነው ያደረግሽው።”

ለጋሽ በላይ ስነግረው እጁ ቆመ። ያን ያህል ጊዜ አብሬው ስሠራ እጁ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠየቅኋቸው ሐኪሞች፣ ያ ልብ ክኒኑን በአግባቡ ቢያገኝም ብዙ ላይቆይ ይችል ነበር ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። እኔን ግን ያ አባባል አንድ ቀን እንኳ አላሳረፈኝም። ዛሬም ሰው ሲፈራና ሲጸልይ ስሰማ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሁን መስጊድ ደጃፍ፣ ሳላስበው ስንት ሰከንድ እንደ ፈጀ እቆጥራለሁ። ሌሊት ከእንቅልፌ ያነቃኛል፤ ሱብሐነላህ ሱብሐነላህ፣ ሲፈጥን።

ሀዋ አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ እዚያው ግራና ቀረች። መርሳ ገበያ ከተገናኘን “የአባቴ ሐኪም” ብላ ለሰው ሁሉ ታሳየኛለች። ሰው ካገኘች ብርቱካን ትልክልኝ ነበር። አንዱንም አልበላሁትም፤ ለጎረቤት ነበር የምሰጠው። ከሩቅ ሳያት መንገድ እስከ መቀየር የደረስኩበት ጊዜ አለ።

ከዚያ የሰኔ ምርመራ በኋላ ግን ይህን ይዤ ልሞት ነው እንዴ አልኩ። ባለፈው ጥቅምት መርሳ ወርጄ ባጃጅ ተሳፍሬ ግራና ሄድኩ። ሀዋ በረንዳዋ ላይ ሽንኩርት እየለየች ነበር። ጸጉሯ ከሻሿ ሥር ነጭቷል። ተቃቅፈን፣ ጤና ተጠያይቀን፣ ውኃ አምጥታልኝ ከተቀመጥን በኋላ ጀመርኩ። ስለ ሰዓቷ፣ ጋሽ በላይ ስላለኝ ነገር፣ ስለ ሃያ ሰባቱ ሰከንድ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እጇ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ።

“ዚክሩ እንደ ፈጠነ እኮ አውቅ ነበር” አለችኝ።

የሰማሁ አልመሰለኝም።

“የአባቴን ሱብሐነላህ እየሰማሁ አይደል ያደግሁ? አውሮፕላኑ መምጣት ከጀመረ ወዲያ ሲጣደፉ ይሰማኛል። አንድ ጠዋት ‘አባ፣ ዝግ ይበሉ’ ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። አላህን የሚያወሳ ሰው ቀስ በል ይባላል? ደግሞ ፈርተዋል ማለት ሆነብኝ። አባቴ በልጃቸው ፊት ፈሩ እንዲባሉ አልፈለግሁም።” ሽንኩርቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። “ስጠይቅሽ፣ አዎ እንዳልኩሽ ነው አልሽኝ። እሷ አላወቀችም፣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ለብቻዬ ይዤው ኖርኩ።”

“ጥፋቱ የኔ ነበር ሀዋ። የኔ ብቻ።”

“የማንስ ቢሆን አላህ ያውቀዋል። ግን ያኔ ነግረሽኝ ቢሆን አብረን እናለቅስ ነበር።”

ያን ቀን ነው ያለቀስነው፤ ሁለት አሮጊቶች ሆነን፣ በዚያች በረንዳ ላይ። የመጨረሻው ባጃጅ እስኪሄድ ድረስ ቆየሁ።

ቤቴ ከገባሁ ወዲህ ነገሩን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ዝም ያልኩት ለእሷ አዝኜ ነው እያልኩ ነበር የኖርኩት። የሃያ ዓመት ልጅ አባቷን በገዛ እጇ ከመድኃኒት እንደ ከለከለች ማወቅ የለባትም እል ነበር። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር። በዚያ በመስጊዱ መንገድ ላይ “አዎ” ስላት ያዳንኩት ራሴን ነው። እሷን እዚያው ትቻት ነው የሄድኩት።